አጥንት ከመሬት ሲወጣ ምን እናድርግ?

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ የትምህርትና የባህል ክፍል ስም የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ይደርስ ዘንድ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ስለ መብራት ወይም ስለ ውሃ አይደለም። ስለ አጥንት ነው። «ደግሞ ይኸ ምን የሚሉት ወሬ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ደሴም ሆነች ኮምቦልቻ ሳያቋርጡ የሚቆፈሩ ከተሞች መሆናቸውን ሁላችንም እናያለን። የቤት መሠረት ይወጣል፤ የቧንቧ ቦይ ይቆፈራል፤ መንገድ ይጠረጋል። በኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚሄደው የባቡር ሐዲድም የተዘረጋው አፈር ተገልብጦ ነው። ሰው ያልቆፈረውን ደግሞ ክረምቱ ይቆፍረዋል። ከጦሳ ሥር ያለው ዳገት ይንሸራተታል፤ ቦርከና ሲሞላ ዳርና ዳሩን ይንዳል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ አፈር ሲገለበጥ አንድ ቀን የአንዱ አካፋ አጥንት መምታቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ የሚሆነውን እናውቀዋለን። አንዱ «ኧረ ዝም በሉ፣ ሥራችንን ያስቆሙብናል» ይላል። ሌላው ከፍርስራሹ ጋር ሲኖትራክ ላይ ጭኖ ገደል ይደፋዋል። ሌላው «የጣልያን ወርቅ ከሥሩ አለ» ብሎ ሌሊት መጥቶ ይቆፍራል። ሕፃናት ደግሞ መጫወቻ ያደርጉታል። በነጋታው አጥንቱም የለም፤ ቦታውም አይታወቅም፤ የማን እንደ ነበረ የሚጠይቅም የለም። እኛም በዚህ ንግግር ማሳሰብ የፈለግነው ይህ እንዳይሆን ነው።

በመጀመሪያ፣ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አለመሆኑን እናስታውስ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲም ቁልቁል ወደ ሚሌ የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ጨው የመጣበት፣ ግመል የተነዳበት፣ ሾፌሮቻችን የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ያ መንገድ የሚያወርደው ዓለም ሁሉ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ወደሚማርበት ምድር ነው። ሐዳር የተባለው ቦታ ዛሬ በአፋር ክልል ቢሆንም፣ ድንቅነሽ በተገኘችበት ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር።

ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአንድ ገላጣ ዳገት ላይ ሲያልፉ የክንድ ቁራሽ አዩ። ልብ በሉ፤ ያወጣችው ጎርፍ ናት፣ ቆፋሪ አይደለም። ዝናቡ ዳገቱን አጥቦ አጥንቱን ገልጦ ተወው፤ አንድ ሁለት ክረምት ቢጨመር ኖሮ ያው ጎርፍ ጠርጎ በወሰደው ነበር። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ለሦስት ሳምንት ያህል በእጁና በወንፊት አፈሩን እያበጠረ በመቶ የሚቈጠሩ ስብርባሪዎችን ሰበሰበ። ሲገጣጠሙ የአንዲት ፍጡር አጽም 40 ከመቶ ያህሉ ተገኘ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ሰው ስም ማንሣት ይገባል። ድንቅነሽ ከመገኘቷ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚያው በሐዳር ጥንታዊ መንጋጋዎችን ያገኙት የኢትዮጵያ መንግሥት ተወካይ ሆነው ከቡድኑ ጋር የነበሩት አቶ ዓለማየሁ አስፋው ናቸው።

ከዚያም ወዲህ ያገኙት እጆች እየበዙ ሄዱ። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በዲኪቃ፣ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን «ሰላም» የተባለችውን ሕፃን አገኘ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተችና 3.3 ሚሊዮን ዓመት የቆየች ናት። አጥንቷ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለ ነበር በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እየተፋቀ ለመውጣት ዓመታት ወሰደ። በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ በሌዲ ገራሩ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠረ መንጋጋ ያየው ያን ጊዜ ተማሪ የነበረው ኢትዮጵያዊው ቻላቸው ሥዩም ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከሁሉ የሚበልጠው የዓሊ በሬይኖ ታሪክ ነው። ዓሊ ዶክተር አይደለም፤ የሚሌ አካባቢ አፋር ነው። በየካቲት 2008 ዓ.ም. ሚሮ ዶራ በተባለ ቦታ አንድ የላይኛ መንጋጋ መሬት ላይ አየ። አላለፈውም፤ አልሸጠውም። በዚያ አካባቢ ለሚሠሩት ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ አሳወቀ፤ ያገኘበትንም ቦታ መርቶ አሳያቸው። ቦታው በትክክል ስለ ታወቀ አፈሩ በወንፊት ተነፋ፤ የቀረው የራስ ቅልም ተገኘ። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ለዓለም ሲገለጽ 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው፣ ሊባል በሚችል ደረጃ ሙሉ የሆነ የራስ ቅል ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ዓሊ መንጋጋውን በኪሱ ከቶ ገበያ ወርዶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ከየት እንዳነሣው ቢረሳ፣ መንጋጋው ብቻውን ይቀር ነበር፤ የራስ ቅሉ ግን እዚያው ተሰባብሮ በጠፋ ነበር።

«ያ ቆላ ነው፤ በደጋው ምን አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደሴ ያረፈችበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠራ ነው፤ በዚያ አለት ውስጥ የሰው አጥንት አይጠበቅም። ነገር ግን በአለት ንጣፎች መካከል የሐይቅና የወንዝ ደለል የተኛበት ቦታ አለ። በክልላችን በጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የጥንት ዝሆን ዘመዶች አጥንት ተገኝቷል፤ በሰሜን ሸዋ በሙሽ ሸለቆም 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቈጠረ የቅጠል ቅርጽ በድንጋይ ላይ ታትሞ ተገኝቷል። በመተማ በኩል በሽንፋ ወንዝ ዳር ደግሞ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ዓሣ እያጠመዱ የኖሩበት ቦታ መጠናቱ በ2016 ዓ.ም. ተገልጿል። የኮምቦልቻ ሜዳና የቦርከና ዳርቻም ደለል ነው። በደለል ውስጥ ደግሞ አጥንት ብቻ አይደለም የሚገኘው፤ የተጠረበ ባልጩት፣ የሸክላ ገል፣ የቆየ ከሰልና አመድም ይገኛል። እነዚህም ሳይናቁ መታየት አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በእኛ ሠፈር ከመሬት የሚወጣ አጥንት የሚሊዮን ዓመት ላይሆን ይችላል። ምናልባት የከብት ነው። ምናልባት የጥንት መቃብር ነው። ምናልባት ደግሞ የራሳችን ሰው ነው።

ይህን በጥሞና ስሙን። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ጣልያን ከደሴ ሲለቅ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው ዳገት ላይ ከባድ ውጊያ ተደርጓል። በ1965 እና በ1966፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ስንቱ የወሎ ሰው ከቀየው ተነሥቶ በመንገድና በመጠለያ እንደ ወደቀ፣ በባቲም በቆረምም በጅምላ እንደ ተቀበረ ከመካከላችን ያዩ አሉ። የእናቱን መቃብር የማያውቅ፣ የወንድሙን አፈር ያላየ ዛሬም አለ። ስለዚህ አካፋው አጥንት ሲመታ «የማይረባ አጥንት» ብሎ የሚጥል ሰው የጎረቤቱን አባት እየጣለ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የሳይንስ ብቻ አይደለም፤ የሰው ክብር ጉዳይ ነው።

ታዲያ አጥንቱ የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? መልሱ፦ ከአጥንቱ ይልቅ አቀማመጡ ይናገራል። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአገራችን ልማድ ክርስቲያን ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ በጀርባው ይጋደማል። ሙስሊም ደግሞ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ ይዞራል። መካ ከደሴ ብናያት በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በእኛ አገር ፊቱ ወደ ሰሜን፣ ራሱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። እንግዲህ አጽሙ ሳይነካ ከቆየ ሼኹም ቄሱም አይተው «ይኸ የእኛ ነው» ሊሉ ይችላሉ። በጆንያ ተለቅሞ ከመጣ ግን ሁለቱም ምንም ማለት አይችሉም። ከሁለቱም ልማድ ውጭ ተጣጥፎ፣ ከሸክላ ወይም ከዶቃ ጋር ከተገኘ ደግሞ ምናልባት ከሁለቱም ሃይማኖት የቀደመ ሰው ነው። ይህን ሁሉ የሚነግረን አቀማመጡ ነው።

ለተመራማሪውም እንዲሁ ነው። እጅግ ያረጀ አጥንት ዕድሜው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከራሱ ሳይሆን ከላዩና ከሥሩ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ መቼ እንደ ወረደ በላቦራቶሪ ይለካል፤ አጥንቱ በሁለቱ መካከል ስለ ሆነ ዕድሜውም በመካከሉ ይወድቃል። አጥንቱ ከአፈሩ ከተለየ ግን ይህ ሂሳብ ይፈርሳል። ከ50,000 ዓመት ወዲህ ላለው አጥንት ሌላ ዘዴ አለ፤ በውስጡ የቀረው ካርቦን ይለካል። ይህም ቢሆን በሙጫ፣ በዘይትና በሲጋራ አመድ ይበላሻል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሞታ ከተባለው ዋሻ ከወጣ የ4,500 ዓመት አጽም የዘር መረጃ ተነብቦ በ2008 ዓ.ም. ለዓለም ተገልጿል፤ ይህን የመሰለውን ሥራ የባዶ እጅ ላብ እንኳ ያውከዋል። ስለዚህ «አጥቤ፣ አጽድቼ፣ በሻሽ ጠቅልዬ አመጣሁላችሁ» ማለት ደግነት ይመስላል እንጂ ጉዳት ነው።

ስለዚህ አጥንት የተገኘ እንደ ሆነ እንዲህ እናድርግ፦

1ኛ. ቁፋሮው በዚያች ቦታ ወዲያው ይቁም። ስካቫተርም ሆነ ዶማ ይራቅ። ግንበኛውና የቀን ሠራተኛው ለፎርማኑ፣ ፎርማኑም ለባለቤቱ ይንገር። ሌላው የሥራው ክፍል የሚቀጥል ከሆነ ከቦታው ራቅ ብሎ ይሁን።

2ኛ. ከአጥንቱ አጠገብ ብረት፣ ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ከታየ ማንም አይቅረብ። አገራችን ብዙ ጦርነት ያለፈባት ናት፤ የቆየም የቅርብም ፈንጂ ይፈነዳል። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይበል፤ ለፖሊስ ይነገር።

3ኛ. አጥንቱ አይነሣ፤ አይጠብ። ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታው በንጹሕ ሸራ ወይም በፕላስቲክ በቀስታ ይሸፈን። በዙሪያው ገመድ ይታሰር። ልጆችና ውሾች እንዳይገቡ አንድ ሰው ይጠብቅ።

4ኛ. በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ከሩቅ ቤትና ዛፍ የሚያሳይ። መጠኑ እንዲታወቅ እስኪርቢቶ ወይም የክብሪት ቀፎ በአጠገቡ ይቀመጥ። ማን አገኘው፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ጥልቀት የሚለው በወረቀት ይጻፍ።

5ኛ. ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወዲያው ይነገር፤ በዚያም በኩል ለከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ይድረስ። ጨርቅ፣ ጫማ፣ ቁልፍ ወይም ፀጉር አብሮ ከታየ ነገሩ የቅርብ ጊዜ ሊሆን ስለሚችል ፖሊስ በቅድሚያ ይወቅ። ያ ምናልባት የወንጀል ማስረጃ ነው፤ የጠፋ ሰው የሚፈልግ ቤተሰብም ይኖራል። የወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ስላሉት ምክር የሚሰጡ ምሁራንን ከዚያ መጠየቅ ይቻላል።

6ኛ. የቦታው ትክክለኛ አድራሻ በፌስቡክና በቲክቶክ አይለጠፍ። ወሬው ከባለሙያው ቀድሞ ከወጣ ሌሊቱን ወርቅ ፈላጊ ይደርሳል።

ከብት ነው ወይስ ሰው፣ ትኩስ ነው ወይስ ጥንታዊ የሚለውን ለመወሰን እኛ አንቸኩል። በጥቅሉ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንት ከመልኩ በላይ ይከብዳል፤ ሲነካም እንደ ሸክላ ይጮኻል ይባላል። ግን ይህን ለማረጋገጥ ሲባል ማንሣትና ማንኳኳት አያስፈልግም። የባለሙያ ሥራ ለባለሙያ ይተው። የበሬ አጥንት ሆኖ ቢገኝም ያሳወቀው ሰው ሊሳቅበት አይገባም፤ አሥር ጊዜ ከብት ተነግሮ አንድ ጊዜ ሰው ቢገኝ ትርፍ ነው።

አሁን ሁሉም በሆዱ የያዘውን እናንሣው። «ብናገር ቦታዬን ይወስዱብኛል፤ ግንባታዬ ይቆማል፤ ሲሚንቶው ይደርቅብኛል» የሚለው ስጋት። ስጋቱ የዋዛ አይደለም። ቤት ለመሥራት ዕቁብ የገባ፣ ብድር ያለበት ሰው ጭንቀት ይገባናል፤ ሥራው ለአንድም ቀን አይቆምም ብለን ልንዋሽም አንፈልግም። ቢሆንም ሕጉን እንወቅ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በድንገት ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሏል። ግዴታ ብቻ ግን አልጣለም። ያሳወቀው ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው፣ ለመጠበቅ ያወጣው ወጪ ካለም እንዲተካለት ደንግጓል። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ደግሞ፣ ያገኘው ሰው ሁኔታውን በጽሑፍ ለክልሉ አካል አስታውቆ ከኃላፊነቱ የሚወጣበትን መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ያሳወቃችሁበትን ደብዳቤ ቅጂ፣ ከነቀኑና ከነማኅተሙ፣ በእጃችሁ ያዙ። የተናገረ ሰው ማስረጃ አለው፤ የደበቀ ግን ሲታወቅበት የሚያሳየው ነገር የለውም።

ሌላም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ሁላችንም በኀዘን እናስታውሳለን። ከመደርደሪያ የተወሰደው ተወሰደ። ከመሬት በታች ያለውን ግን እስካሁን ማንም አልወሰደውም። ያን የሚጠብቀው ዘበኛ ወይም ቁልፍ አይደለም፤ የግንበኛው ዓይንና የነዋሪው አፍ ነው። አጥንትን መሸጥ፣ ለመንገደኛ ማሳየት፣ ለመድኃኒት ብሎ መፍጨት ይቅር። የራሳችንን ማስረጃ በራሳችን እጅ አናጥፋ።

በመጨረሻም ከእናንተ የምንጠይቀው ሥራ አለ፤ ይህም ገንዘብ አይጠይቅም። በሠፈራችን ውስጥና በዙሪያው የጥንት መቃብር የት የት እንደ ነበር የሚያውቁ አዛውንት እናቶችና አባቶች አሉን። «እዚች ዋርካ ሥር የነእገሌ ቀብር ነበር፤ እዚያ ማዶ በረኀቡ ጊዜ የሞቱት ተቀብረዋል፤ ከወንዙ ዳር የጣልያን ምሽግ ነበር» የሚሉ። ይህ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም፤ በእነርሱ ልብ ብቻ ነው ያለው። እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅሬ፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም፣ ሁለት ሁለት ወጣቶች መድቦ አዛውንቶቹን ይጠይቅ፤ የተናገሩትን በደብተር ይጻፍ፤ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያምጣ። እኛም ሰብስበን አንድ መዝገብ እናደርገዋለን፤ አዲስ ግንባታ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ እንዲያየው በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጣል። ሼኾቻችንና ቀሳውስታችንም ከመቃብር ቦታ የወጣ አጽም በምን ሥርዓት እንደሚመለስ አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲመክሩልን በትሕትና እንለምናለን። በወሎ አብሮ መቅበር አዲስ ነገር አይደለም፤ ቀብር ሲኖር ማን ሙስሊም ማን ክርስቲያን ነው ሳይባል ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣል። የተቀበረውንም አብሮ መጠበቅ ለእኛ ከባድ ሊሆን አይገባም።

ዓሊ በሬይኖ ያደረገው ነገር ትልቅ ትምህርት የሚጠይቅ አልነበረም። አየ፤ ተናገረ፤ ቦታውን አሳየ። ይኸው ነው። ከእኛም የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ጥያቄ ያላችሁ፣ የምታውቁት የቆየ የመቃብር ቦታ ያላችሁ ሁሉ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በሥራ ሰዓት ብቅ በሉ።

የማኅበሩ የትምህርትና የባህል ክፍል